ባሕር የሌለው ደሴት

ባለፈው ገና ኢተያ ነበርኩ፡፡ ስንዴው ታጭዶ፣ ኮምባይነሮቹ ወደየመጡበት ተመልሰው፣ ሰው ሁሉ ዘና ያለበት ሰሞን ነው፡፡ ማታ ማታ መብራት ሲኖር (ሲኖር ነው ያልኩት!) ከአክስቴ ልጆች ጋር ላፕቶፕ ከበን ፊልም እናያለን፡፡ አንድ ምሽት ስለ ቼ ጉቬራ ወጣትነት የሚተርከውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የሞተርሳይክሉን ፊልም ከፈትን፡፡ ካያችሁት ታስታውሱታላችሁ፡፡ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረው ቼ ከጓደኛው ጋር ደቡብ አሜሪካን ሲያካልል ፔሩ ውስጥ ሳን ፓብሎ የሚባል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ይደርሳል፡፡ ሐኪሞቹና መነኮሳቱ ከአማዞን ወንዝ በአንዱ ዳር፣ ሕሙማኑ በሌላው ዳር ነው የሚኖሩት፡፡ በልደቱ ሌሊት ቼ ውኃው ውስጥ ይገባና እያለከለከ፣ እየዋኘ፣ ወደ ሕሙማኑ ይሻገራል፡፡

አያቴ (እኛ ቤት «አኮ» ነው የምንላት) ቡናዋን እያፈላች በዓይኗ ጠርዝ ታያለች፡፡

«እነዚያ ማዶ ያሉት ምን ሆነው ነው?» አለችኝ፡፡

«የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው አኮ፡፡ ከሰው እንዳይቀላቀሉ ወንዝ አሻግረው ነው ያስቀመጧቸው፡፡»

ትንሽ አሰበችና «እኛ አገር ወንዝ መች አስፈለገ» ብላ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች፡፡ ፊልሙ አለቀ፤ እኔ ግን ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ፡፡ አዲስ አበባ እንደተመለስኩ መቆፈር ጀመርኩ፡፡ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፡፡

መጀመሪያ ስለ እውነተኞቹ ደሴቶች፡፡ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ሃዋይ ውስጥ ሞሎካይ ደሴት ላይ ያለው ካላውፓፓ ነው፡፡ በሦስት ጎኑ ባሕር፣ በአንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል፡፡ የሃዋይ መንግሥት ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታመዋል የተባሉትን በመርከብ እየጫነ እዚያ ያራግፍ ነበር፡፡ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ እየተነጠቀ ወደ 8 ሺህ ሰው እዚያ ተልኳል፡፡ አስገድዶ የማግለሉ ሕግ የተነሣው በ1969 ነው፤ ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው! ቤልጅጋዊው ቄስ አባ ዳሚያን በ1873 ሄዶ አብሯቸው ኖረ፣ በሽታው ያዘው፣ በ1889 እዚያው ሞተ፡፡ ግሪኮች ደግሞ ቀርጤስ አጠገብ ስፒናሎንጋ የምትባል ደሴት ነበረቻቸው፤ ከ1903 እስከ 1957 ሠርታለች፡፡ ማንዴላን የምናስታውስበት ሮበን ደሴትስ? ከእስር ቤቱ በፊት፣ ከ1846 እስከ 1931 ድረስ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጣያ ነበር፡፡

አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ፡፡ አባ ዳሚያን ሞሎካይ በረገጠበት በዚያው በ1873 ኖርዌይ ውስጥ፣ በርገን ከተማ፣ ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን የሚባል ሐኪም በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አየው፡፡ እርግማን አይደለም፣ በደም የሚወረስም አይደለም፤ ተሕዋሲ ነው ማለት ነው፡፡ ዜናው መልካም ይመስላል አይደል? ግን «ተላላፊ ነው» የሚለው ቃል ደሴቶቹን ከመዝጋት ይልቅ አበዛቸው፡፡ በሳይንስ ስም ማሰር ቀለለ፡፡

እኛስ? ኢተያ ዳገት ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታስቡ ዝዋይ ሐይቅ ከነደሴቶቹ አለላችሁ፡፡ ጣናም አለ፡፡ ግን በታሪካችን ደሴት ላይ ያስቀመጥነው ታቦትና መነኮሳትን ነው፤ አምባ ላይ ያሰርነው ደግሞ ልዑላንን፡፡ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በአዋጅ ሰብስቦ ደሴት ላይ የማስፈር ነገር በእኛ ዘንድ አልተለመደም፡፡ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ያለውን የበሽታውን ታሪክ ጽፎታል፡፡ በድሮ ዘመን የመጡ ፈረንጅ ተጓዦች ሕሙማኑ ከሰው ጋር ተቀላቅለው፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲዘዋወሩ እያዩ ይደነቁ ነበር፡፡ እነሱ አገር ይሄ አይታሰብማ!

እዚህ ላይ «አየህ፣ ድሮስ እኛ ደጎች ነን» ብሎ ደረቱን የሚነፋ አይጠፋም፡፡ ቆይ፣ አትቸኩሉ፡፡

ቃላቱን እንያቸው፡፡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ስም «ለምጽ» ነው፤ ዛሬ ግን በተለምዶ ለምጽ የምንለው ቆዳ ነጭ የሚያደርገውን፣ ሌላ ዓይነት፣ ምንም የማይጎዳ ነገር ነው፡፡ ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለተንሸራተተ ሁለቱም ሕሙማን በከንቱ ተጎድተዋል፡፡ ሆስፒታሉ «ሥጋ ደዌ» ይላል፡፡ እኛ አካባቢ በኦሮምኛ «ጁዛሚ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ከዓረብኛው የመጣ ነው፡፡ እንደገና ደግሞ ያ ሌላው ቃል አለ፤ ስድብ ሆኖ የቀረው፡፡ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይላል ተረቱ፡፡ ይህን ተረት ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? የፖለቲካ ክርክር ላይስ? ማንም አይሰቀጥጠውም፡፡ ግን አንድ ደቂቃ ቆም ብላችሁ አስቡት፡፡ ከአንድ ገበታ በእጅ የሚበላ ሕዝብ ሰውየውን ከገበታው የሚያርቅበት መመሪያ ነው፡፡ ባሕርም መርከብም አይፈልግም፡፡ አኮ የምትለው ይሄንን ሳይሆን አይቀርም፡፡

ስለ ላሊበላዎችም ሳላነሣ አላልፍም፡፡ ከተማውን አይደለም የምለው፤ ዘፋኞቹን ነው፡፡ ልጅ ሆናችሁ ጎሕ ሳይቀድ ከአጥር ውጪ የቤታችሁን አባወራ ስም እየጠሩ የሚያዜሙ ባልና ሚስት ከእንቅልፍ ቀስቅሰዋችሁ አያውቁም? ስሙን ከጎረቤት ቀድመው ይጠይቃሉ፤ ያወድሳሉ፤ ገንዘብ ወይ እህል ሲሰጣቸው ይመርቃሉ፤ የነፈጋቸውን ደግሞ በዜማ ይሸነቁጣሉ፡፡ ስለ እነሱ በሰፊው የሚታመነው ነገር ይሄ ነው፦ ዘሩ የሥጋ ደዌ ያለበት ነው፤ በሌሊት ወጥተው ካልዘፈኑ፣ ካልለመኑ፣ በሽታው ይወጣባቸዋል፡፡ ሐኪም ይሄንን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፡፡ ተሕዋሲ ዘፈን አይሰማም፤ በሽታውም በዘር አይወረስም፡፡ ጤነኛ ሰዎች «በደማችሁ ውስጥ አለ» በተባለ በሽታ ምክንያት ትውልድ ለትውልድ ሲዞሩ መኖራቸው ግን እውነት ነው፡፡ የሚጋቡትም በአብዛኛው እርስ በርስ ነው፡፡ ይሄ ደሴት ካልሆነ ምን ይባል?

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ፡፡ መጀመሪያ የተነሡት ሚሲዮኖች ናቸው፡፡ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ ካፑቺን አባቶች ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ መንደር ከፈቱ፡፡ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪምና ሚሲዮናዊ ቶማስ ላምቢ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ በደቡብ ምዕራብ በኩል የሕሙማኑን ቦታ አቋቋመ፡፡ ቦታው በኋላ በንጉሡ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፡፡ ልዕልቲቱ የትግራዩን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳን አግብታ በ1926 ዓ.ም. ገና በልጅነቷ መቀሌ ላይ የሞተችው ናት፡፡ (ባልየው በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለጣሊያን ገባ፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፡፡) እንግዲህ አንድ ሰፈር የልዕልት ስም ይዞ ቀረ፡፡ በእኛ ከተማ «ዘነበወርቅ» ሲባል ግን ስለ ልዕልት የሚያስብ ስንት ሰው አለ?

በጣሊያን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ሰለክለካ ላይ ሌላ ተከፈተ፡፡ ከነፃነት በኋላ ደግሞ በተርታ መጡ፡፡ ወሎ ላይ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ እኛ ሲጠጋ ሻሸመኔ፤ ሻሸመኔውን በ1940ዎቹ ዓ.ም. የከፈተው ኤስ አይ ኤም የሚባለው ሚሲዮን ነው፡፡ ካቶሊኮቹ ደግሞ ከአርሲ ነጌሌ በላይ ባለው ደጋ፣ ጋምቦ ላይ፣ ለእነዚሁ ሕሙማን ሠሩ፤ ጋምቦ ዛሬ ሁሉንም የሚያክም ሆስፒታል ነው፡፡ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው ቢሲዲሞ ታሪኩ ለየት ይላል፡፡ በ1957 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ቩርትስቡርግ ከተማ ላይ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ቢሲዲሞ ነበር፡፡ ማኅበሩ ኋላ ላይ በብዙ አገር የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ሆነ፤ ጅማሬው ግን የሐረር አቧራ ውስጥ ነው፡፡

ልብ በሉልኝ፤ እነዚህን ቦታዎች ከሞሎካይ የሚለያቸው ሰው በአብዛኛው በራሱ እግር መምጣቱ ነው፡፡ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሸዋ ገጠር ቀናትን ተጉዞ፣ የሚያባብል ሰው እንኳን ሳይኖር፣ «መድኃኒት አለ» የሚል ወሬ ብቻ ይዞ ይመጣ ነበር፡፡

ከዚያ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ፡፡ ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው፤ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው፡፡ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ሆኖታል፤ ያ ዘመን አዲስ አበባ ሁሉንም ነገር «የመላ አፍሪካ» የምታደርግበት ነበር፡፡ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና የውጭ ማኅበራት ተባብረው የዘነበወርቅን ሆስፒታል የአህጉሩ ትምህርት ቤት አደረጉት፡፡ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ግቢ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በረዱት ገንዘብ የምርምር ተቋም ተከፈተ፤ ስሙም አርማወር ሐንሰን ሆነ፡፡ ስዊድኖቹ በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ አሰላ ላይ ጭላሎን በስንዴና በማዳበሪያ ሲያሻሽሉ ነበር፤ የእኔ አባት ትውልድ «ካዱ» እያለ የሚያወራው፡፡ ከአርሲ ገበሬ እስከ አለርት ላቦራቶሪ እጃቸው ነበረበት ማለት ነው፡፡

ምን ይማሩ ነበር እዚያ? ዋናውን ልንገራችሁ፤ እኔም ሳላውቀው ነው ሃያ ምናምን ዓመት የኖርኩት፡፡ ይህ በሽታ ጣት «አይበላም»፡፡ ተሕዋሲው የሚያጠቃው ነርቭን ነው፡፡ ነርቭ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፡፡ ሕመም ሲጠፋ ደግሞ አንዲት ሴት የጋለ ድስት በባዶ እጇ አውርዳ መቃጠሏን የምታውቀው ቆዳው ሲሸት ነው፡፡ ገበሬው እሾህ ወግቶት ቀኑን ሙሉ ያርስበታል፡፡ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ አጥንት ያልቃል፣ ጣት ያጥራል፡፡ እጅና እግሩን የሚበላው አለመታመሙ ነው፡፡ እንግሊዛዊው ቀዶ ጠጋኝ ፖል ብራንድ ይህንን ሕንድ አገር ቬሎር ላይ ለዓመታት አስተምሯል፡፡ ስለዚህ ሥራው ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ልክ የሆነ ጫማ፣ ማታ ማታ እግርን አገላብጦ ማየት፣ የታጠፈ ጣትን በጅማት ማዞር ቀዶ ጥገና ማቃናት ነበር፡፡

ተሕዋሲው ራሱ ደግሞ ሰነፍ ነው፡፡ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፡፡ ምልክቱ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ ሃያ፡፡ ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱን ያህል ቢጋለጥም ተፈጥሮው ራሱ ይከላከልለታል፡፡ በመጨባበጥማ ጭራሽ፡፡ እንግዲህ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ደሴት!

መድኃኒቱ መጀመሪያ ዳፕሶን ብቻ ነበር፤ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ፡፡ ተሕዋሲው ሲላመደው፣ ነገሩ መላመድ መሆኑን በማስረጃ ካሳዩት መካከል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አለርት ላይ የሠሩት ሐኪሞች ይገኙበታል፡፡ በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ይሻላል አለ፤ ኢትዮጵያ በሁለት ዓመት ውስጥ ጀመረችው፡፡ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት፤ በቃ ዳነ፡፡ በነፃ፡፡ ዛሬም በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ በጊዜ የመጣ አንድ ጣት ሳይጎድልበት ይድናል፡፡

ታሪኩ እዚህ ማለቅ ነበረበት፡፡ አላለቀም፡፡ የዳኑት ሰዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱማ!

አንዳንዱ ሞክሯል፡፡ መሬቱን ወንድሙ ይዞት፣ ሚስቱ ሌላ አግብታ፣ ልጆቹ እንግዳ ሆነውበት አገኘ፡፡ ሕጉ ራሱ አያግዘውም ነበር፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሆኖ ከተገኘ ጋብቻው በስሕተት የተፈጸመ ነው ብሎ ለማፍረስ በር ይከፍት ነበር፤ በሽታውን በስም ጠርቶ! በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ነው ስሙ ከዚያ የወጣው፡፡ ስለዚህ ሰዉ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰ፡፡ ከብጤው ጋር ተጋባ፡፡ ወለደ፡፡ ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ አድራሻቸው ግን ያስጠራቸዋል፡፡ ዘነበወርቅ እንዲህ ነው ሰፈር የሆነው፤ ሻሸመኔም፣ ቦሩ ሜዳም፣ ቢሲዲሞም እንዲሁ፡፡

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር፤ ሰፈርህ የት ነው ሲባል ሁልጊዜ «አየር ጤና» ይል ነበር፡፡ በአራተኛው ዓመት ነው ቤቱ ወስዶኝ የዘነበወርቅ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት፡፡ እናቱ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ ባጠሩ ጣቶች፣ እኔ በአሥሩም የማልሠራውን፡፡ ቡና አፍልታ ጋበዘችኝ፡፡ እውነቱን ልናገር? ስኒውን ስቀበል እጄ ለሰከንድ አመነታ፡፡ አይታኛለች፤ ለምዳዋለች መሰለኝ ምንም አላለችም፡፡ እሱም አይቶኛል፡፡ ጓደኝነታችን ቀጠለ እንጂ ቤታቸው ሁለተኛ አልጠራኝም፡፡

ከተማዋስ ምን አደረገች? በ1956 ዓ.ም. ገደማ ቆሻሻዋን የምትደፋበት ቦታ ፈልጋ ያገኘችው እዚያው አጠገባቸው ነው፡፡ ቆሼ፡፡ ከከተማ ውጪ የተባለው ሰውና ከከተማ ውጪ የተባለው ጥራጊ አንድ ጥግ ላይ ተገናኙ፡፡ ዓመታት ሲያልፉ ከተማው አድጎ ሁለቱንም ከበባቸው፤ ቀለበት መንገድ መጣ፣ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ ክምሩ ግን ከፍ ይል ነበር፡፡ ከልመና የወጡ ብዙዎች ከዚያው ክምር ላስቲክና ብረት እየለቀሙ ልጅ አሳደጉ፡፡ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተደርምሶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ፡፡ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፡፡ ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሁላችንም ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጠፍን፡፡ «እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ለምን እዚያ ኖሩ?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላየሁም፡፡ መልሱ ከላምቢ ዘመን ጀምሮ ያለ ታሪክ ነው፡፡

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፡፡ ደጋ ላይ በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር የሚረግጡ ገበሬዎች እግራቸው ሲያብጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር ያደባልቀዋል፤ እነሱንም ያርቃቸዋል፡፡ አለርት ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ነው ነገሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ካሉ ደቃቅ ቅንጣቶች የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው ጨርሶ የማይተላለፍ መሆኑን ለፍቶ ያሳየው፡፡ መከላከያው ጫማና ውኃ ነው፡፡ ጫማና ውኃ!

በፋሲካ ተመልሼ ኢተያ ሄጄ ነበር፡፡ ይሄን ሁሉ ለአኮ ነገርኳት፤ ሞሎካይን፣ ልዕልቲቱን፣ ነርቩን፡፡ ቡናዋን እየወቀጠች አዳመጠችኝ፡፡ ከዚያ እሷም አንድ ነገር ነገረችኝ፡፡ በልጅነቷ ከሰፈራቸው አንድ ሰው ታሞ በሻሸመኔ በኩል ሄዶ ዓመታት ቆይቶ ድኖ ተመለሰ፤ ወረቀትም ይዞ ነበር፡፡ ሰዉ ደስ አለው፤ እልል ተብሎ ነው የተቀበሉት፡፡ ለቡናም ይጠሩት ነበር፡፡

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!» አልኳት፡፡

«ጥሩ ነው፡፡ ስኒው ግን ለብቻው ነበር፤ እናቴ ከበሩ በስተጀርባ ነበር የምታስቀምጥለት፡፡»

«ከዳነ በኋላም?»

«ከዳነ በኋላም» አለችኝ፤ ሙቀጫውን አስቀመጠች፡፡